ለሚሞት ብቻ

እሑድ፣ ጥቅምት 3
ዛሬ ተራችን ደረሰና አባ ችኮላ የምንላቸው ቄስ መጡ። አምስት የካቶሊክ አጥቢያ ለአንድ ቄስ... በአምስት ሳምንት አንዴ ነው የምናያቸው። ቅዳሴውን ሲጨርሱ ሞተር ሳይክላቸው ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ በነበረው ስብሰባ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ ተነሣች። ቄስ ጠፋ ተብሎ ያገባ ቄስ አይታሰብም፣ ያገባ ሰው ልቡ ለሁለት ይከፈላል አለች። ዓይኗ እኔ ላይ። ባሌ ክህነቱን ትቶ ካገባኝ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ሰላም ብላኝ አታውቅም። ፍሪጇ ሲበላሽ ግን የሚጠግንላት እሱ ነው።

እሱስ መተዉ ይቆጨው ይሆን? አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። መልሱን እፈራለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ሰብሳቢዋ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ልጇ እያለከለከ መጣ፤ የአባ ስልክ አይነሣም። "ጋሼ፣ እማዬ ሳትናዘዝ ልትሞት ነው።" ክህነቱን የተወ ቄስም ቢሆን የሚሞት ሰው ማናዘዝ ይችላል። ሕጉ ነው። ለሚሞት ብቻ።

ባሌ መፍቻውን አስቀምጦ ሄደ። አንድ ሰዓት ቆየ። ከዚያ ውስጥ እኔን ያማችበት ስንት ደቂቃ ይሆን?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ዳነች። ገበያ ውስጥ ቲማቲም ስትመርጥ አየኋት። ሰላም አላለችኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21
ሰፈሩ በሙሉ ሊሞት ነው። ዳቦ ጋጋሪው ደረቱን ይዞ፣ ጡረተኛዋ አስተማሪ ጎኗን ይዛ... ሁሉም አናዝዘን እያሉ በእግራቸው መጥተው በራችን ላይ ተሰለፉ። ባሌ ሁሉንም መለሳቸው። ዳቦ ጋጋሪው ተቆጣ፤ "ሰብሳቢዋ ድና የለም እንዴ? እኔ የግድ መሞት አለብኝ?"

እሑድ፣ ኅዳር 8
አባ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን መጡ። ደብዳቤ ይዘው። ሰብሳቢዋ፣ ሳልሞት አናዘዘኝ ብላ ለጳጳሱ ከሳዋለች! ትእዛዙም፣ ወደፊት የሚናዘዘው ሰው በርግጥ የሚሞት መሆኑ ይጣራ ይላል። ባሌ አንብቦ ሳቀ። አባ አልሳቁም። ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

ሲነቁ ምሳ አቀረብኩ። ጥቂት በሉ። ከዚያ፣ "ሁልጊዜ አብራችሁ ነው የምትበሉት?" አሉኝ።

"አዎ፣ አባ።"

"እኔ ቆሜ ነው የምበላው።"

ሳህናቸው ላይ ጨመርኩላቸው። አንጀቴን በሉት።

ሲወጡ ሞተሩ ቀዝቅዞ አልነሣ አላቸው። ባሌ እስከ መታጠፊያው ገፋላቸው። ላቡን እየጠረገ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ጠየቅሁት። አሥራ አንድ ዓመት ያስቀመጥኩትን።

"ቅዳሴው ይናፍቀኛል" አለ። "እዚያ ሞተር ላይ ብቀመጥ ደግሞ የምትናፍቂኝ አንቺ ነበርሽ።"

ሰብሳቢዋ እንዳለችው ነው... ልቡ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ይበቃኛል።