ምንም አላየሁም ብለህ የጻፍክልን እሑድ

ለውድ ወንድሜ ለይትባረክ፣

አስቀድሜ ናፍቆቴ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሣ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? ሃኒስ እንዴት ናት? በዚያ በሰው አገር አጥሚት የሚያጠጣት፣ ወገቧን የሚያሽላት ሰው አገኘች? ሶልያናዬስ? አንገቷን ማቅናት ጀመረች? ሰው ስታይ ትስቃለች? እዚያ ከተማችሁ በርገን ዝናቡ አያባራም ብለኸኝ ስለነበር የልጅቷን ጨርቅ የት እንደምታደርቁት ሳይቀር አስባለሁ። እዚህ ድሬማ የመጨረሻውን ልብስ ገመድ ላይ ሳንሰቅል የመጀመሪያው ደርቆ ይጠብቀናል። ግማሹን ሙቀት ጠቅልሎ መላክ ቢቻል ኖሮ ለእናንተም ለእኛም ግልግል ነበር።

እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ሐኪሙ ብዙ አትራመጂ ቢላትም በእግሯ ቀፊራ ገበያ ደርሳ ትመለስና በባጃጅ ነው የመጣሁት ብላ ትዋሸናለች። እኔም ያው በትራንዚት ቢሮው ከጂቡቲ የሚገባ ዕቃ ወረቀት ሳዘጋጅ እውላለሁ። አባዬም ደህና ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ብዕር ያነሣሁት እውነቱን ልነግርህ ስለሆነ በውሸት አልጀምርም። አባዬ ደህና አይደለም። ሐኪም የሚያየው በሽታ ስላልሆነ ግን አትደንግጥ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትለኝ ይሆናል። በስልክ እንዳልነግርህ እማዬ ገና ስምህን ስታይ ሮጣ መጥታ ጆሮዋን ትለጥፋለች፤ ነገሩ ደግሞ እሷ ልትሰማው የማይገባ አለበት። መልእክት እንዳልጽፍልህ ከዚያ እሑድ ወዲህ ለምጽፍልህ ሁሉ «እሺ» ብለህ ዝም ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ሀምዲያ ከኦስሎ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ መጋላ ከርማለች፤ በሚመጣው ሳምንት ትመለሳለች። እዚያ ስትደርስ በፖስታ ትልክልሃለች። ፖስታውን በማጣበቂያ ደጋግሜ አሽጌዋለሁ፤ ሀምዲያን ታውቃት የለ።

ነገሩ የሚጀምረው ከላክህልን አዲስ ኮምፒዩተር ነው። ዕቃው ሲደርስ አባዬ በመዳፉ ይዞ እያገላበጠ ሆዱ የት አለ ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነው፤ የእሱ ኮምፒዩተር፣ ያ አንተ ተማሪ ሳለህ ስትጠቀምበት ቆይተህ የተውክለት፣ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ ሲነሣ ቤቱን በሙሉ የሚያናውጥ ነው። አባዬ በእሱ ላይ ካርታ ይጫወታል፤ የምድር ባቡር ባልደረቦቹንም ፎቶ ከፍቶ ይህ ሞተ፣ ይህ ጂቡቲ ቀረ እያለ ይነግረናል። ስለዚህ አሮጌውን ማንሣት የሚታሰብ አልነበረም። አንተም ግድ የለም፣ አንድ ስክሪን ለሁለቱም ይበቃል አልክና በስልክ እየመራህ አስገጠምከኝ፤ ሰማያዊ ጫፍ ያለው ወፍራሙ ኬብል ለአሮጌው፣ ጠፍጣፋ አፍ ያለው ቀጭኑ ለአዲሱ። የአዲሱ ድምፅም በዚያው በቀጭኑ ኬብል ሄዶ ከስክሪኑ እንደሚወጣ ነገርከኝ። ሠራልን። የትኛውንም ብንከፍት ስክሪኑ ራሱ ፈልጎ ያገኘው ነበር። እኔም መሐንዲስ የሆንኩ መስሎኝ ቢሮ ውስጥ ጉራዬን ነዛሁ።

ያ እሑድ ሶልያናን በቪዲዮ የምታሳየን ቀን ነበር። አባዬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግራጫ ኮቱን ሳያወልቅ፣ በዚያ ሙቀት፣ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። በዋዜማው ነምበር ዋን ሰፈር ሄዶ ፀጉሩን ተስተካክሏል። የመጀመሪያ የልጅ ልጁን ሊመርቅ ነው፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ምርቃቱን ሲለማመድ አይቼው ሳቄን ዋጥኩ። አሮጌው እንዳይጮህብን አጥፍተነዋል። እማዬ አዲሱ ላይ የሰካናትን ትንሽ ካሜራ በነጠላዋ ጫፍ ደጋግማ ትጠርጋለች። ከዚያ ጠራና ነካሁት፤ ፊትህ መጣ። የታየው አንተ ብቻ ነህ፤ ሶልያናን ገና አላመጣሃትም ነበር። እማዬ ከሳህ ልትል ነው ብዬ ስጠብቅ ምንም ሳትል ተነሥታ ሄደች፤ በአንድ እጇ ስክሪኑን ከሥሩ እንደ ልጅ አገጭ ያዝ አድርጋ በሌላው እጇ ጉንጭህን ዳበሰችው። ወዲያው ጠፋህ። ድምፅህም አብሮ ሄደ። ምልክት የለም የምትል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጥቂት ተንሳፍፋ እሷም ጠፋች።

ኔትወርክ ሄደ አልን። እዚህ አገር ሌላ ምን ይባላል? ኬብሎቹን ልነካካ ስል አባዬ ተይው፣ ራሱ ይመለሳል አለኝና ቁጭ ብለን ጠበቅን። እማዬ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ጉንጩ ይሞቃል አለችን፤ የመስታወቱ ሙቀት መሆኑን ማን ይንገራት። ስልኬን ጓዳ ቻርጅ ላይ ትቼው ስለነበር ደጋግመህ መደወልህን ያየሁት በኋላ ነው። ብዙ ጠበቅን።

እንግዲህ ቀጥሎ አባዬ የተናገረውን ታውቀዋለህ። ልደግመው አልፈልግም ነበር፤ ግን በጆሮህ ምን ሆኖ እንደደረሰ ስለማላውቅ እንዳለ ልጻፈው። «እኔ የሸኘሁት ልጅ ነበር፤ የሚመጣልኝ ዕቃ ነው» አለ። «ስሞትም እንዳትጠሩት። የወለዳት ልጅ ትራቀውና እሱም ይቅመሰው።» እማዬ ተው እንጂ ዘገዬ፣ በእሑድ ምድር ብላ ተቆጣችው። ለታኅሣሥ ገብርኤል እመጣለሁ ብለኸው ስለነበር ከልጄ ጋር ቁልቢ እሄዳለሁ እያለ ለጓደኞቹ ሁሉ አውርቶ ነበር። ስትቀር አንዲት ቃል አልወጣውም፤ እኛም ተወው ብለን ነበር። ያን ቀን ጨለማ መስታወት ፊት በኮት ተቀምጦ ላቡ በአንገቱ ሲወርድ የቆየው ሁሉ ወጣ። ማንም የሌለ መስሎት ነው ይትባረክ።

ካሜራዋ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት እስከዚያ ድረስ በርታ ነበር። አባዬ ተነሥቶ ኮቱን ሲያወልቅ እማዬ ይቺም ጠፋች ብላ እንዳሳየችኝ ትዝ ይለኛል። ያኔ ነገሬም አላልኩት። ቆይተህ መልእክት ላክህ፤ ኔትወርኩ አስቸገረ፣ ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም፣ ሌላ ቀን እንሞክራለን የሚል። አመንኩህ። ሰምተሃል ወይ ብሎ የጠየቀህ ሰው ሳይኖር አልሰማሁም ማለትህ እንኳ አልከነከነኝም።

በማግስቱ አባዬ አሮጌውን ሲከፍት ስክሪኑ ቦግ አለ። አዲሱን ስከፍት ጨለማ ነው። እንግዲያው ስክሪኑ ጤነኛ ነው፣ የሞተው አዲሱ ነው ብለን ፈረድን። የአሮጌው ወዳጅ አባዬም በሆዱ ደስ ሳይለው አልቀረም። ኬብል ቀየርኩ፣ ሶኬት ቀየርኩ፣ ሙቀቱ ገድሎት ይሆናል ብዬ ማራገቢያ ፊት አስቀመጥኩት፤ ወይ ፍንክች። አንተን እንዳልጠይቅህ ስልኩን የምትዘጋው ቶሎ ነበር፤ ለእማዬ ሁለት ቃል፣ ለአባዬ ሰላም በሉልኝ፣ ከዚያ ሥራ ላይ ነኝ። የላክህልንን ዕቃ ገና ከመምጣቱ አበላሸነው ማለቱም አሳፈረኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሳምንታት አለፉ።

በመጨረሻ በፎጣ ጠቅልዬ ታይዋን ገበያ ወሰድኩት። እዚያ ወርሳሜ የሚባል ኮምፒዩተር ጠጋኝ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ጋደም ሲል እሱ ከፍቶ ይቀመጣል። ከራሱ ስክሪን ጋር ሲያያይዘው ወዲያው ተነሣ። አቦ ምን ሆነ ብለሽ ነው ያመጣሽው፣ ወላሂ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነው አለኝ። እቤት ከሌላ አሮጌ ጋር አንድ ስክሪን እንደሚጋራ ስነግረው ሳቀ። ስክሪናችሁ ከሥሩ ቁልፍ ይኖረዋል፤ በእጅ ከተነካ ወደ አንዱ ይዞርና እዚያው ይቀራል፣ ሌላውን መፈለግ ይተዋል አለኝ። ወደ አሮጌው ዞሮባችሁ ነው፣ ይሄኛው ሥራውን ሲሠራ እናንተ አላያችሁትም እንጂ ምንም አልሆነም አለና ሻዩን ፉት አለ።

እሱ እንደ ቀልድ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን የካሜራዋ መብራት ትዝ አለኝ። እዚያው የዚያን እሑድ ጥሪ ፈልጌ ከፈትኩት። ፊትህ የጠፋ ጊዜ ጥሪው አልተቋረጠም። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቷል ይላል። ካሜራዋ ምስላችንንም ድምፃችንንም እያደረሰችልህ ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ነበርክ። እዚህ ነኝ፣ ይሰማል እያልክ ስንቴ ጮኸህ ይሆን? ወርሳሜ ፊቴን አይቶ ውሃ አመጣልኝና ሙቀቱ ነው አለ፤ አዎ ሙቀቱ ነው አልኩት።

እቤት ገብቼ ቁልፉን ፈለግኩ። ስክሪኑን ከሥሩ ያዝ ሳደርገው አውራ ጣቴ ሄዶ እሱ ላይ አረፈ። እማዬ ያን ቀን የያዘችው እዚያ ጋ ነው። ጉንጭህን ስትዳብስ ነው ያጠፋችህ። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ አንተም አደራህን። ልጇን በገዛ እጇ እንዳጠፋችው ካወቀች እንኳን ስክሪን የመብራት ማብሪያም ሁለተኛ አትነካም።

ለአባዬ ግን ነገርኩት፤ የእማዬን ጣት ትቼ ሌላውን ሁሉ። ካርታ እየተጫወተ ነበር። ሰምቷል? አለኝ። ሰምቷል አልኩት። ጨዋታውን ሳይጨርስ ዘጋው፤ እራትም አልበላም። በነጋታው ከቢሮ ስመለስ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ የሰማያዊውን ኬብል ብሎን በቢላ ጫፍ ሲፈታ አገኘሁት። ስክሪኑ ለአዲሱ ይሁን አለኝ። አሁን ካርታውንም ፎቶዎቹንም ትቶ ከምሳ በኋላ፣ እኛ ጋደም ስንል፣ አዲሱን ከፍቶ ፊቱ ይቀመጣል። ስትደውል የቱን መንካት እንዳለበት አሳይቼዋለሁ። አንተ ግን በቪዲዮ አልደወልክም፤ ሰው ወንበሩን ሲያንቀሳቅስ እንኳ ቀና ይላል።

ቁጭቱ አልለቀኝ አለ። አባዬ ተይው ሲለኝ እምቢ ብዬ ያን ስክሪን ከላይ እስከ ታች ብዳብሰው ኖሮ ምን ነበረበት እላለሁ። ምርቃቱ እኮ ከንፈሩ ላይ ነበር። ያን ሁሉ ሰምተህ፣ አባትህ እንዳያፍር ምንም አልሰማሁም ማለትህን ሳስብ ደግሞ ቢሮ ውስጥም ቢሆን እንባዬ ይመጣል። ደግ ነህ ወንድሜ። ግን አልሰማሁም ስላልክ እሱም ይቅርታ የሚልበት በር አጣ፤ ልጄ ለምን ራቀኝ እያለ ከረመ፤ አንተም አባቴ ረገመኝ እያልክ ከረምክ። በዚህ ወረቀት ምርቃቱን ልጻፍልህ ብለውም አይሆንም አለኝ። በአንቺ እጅ ጽሑፍ አልመርቅም፣ ፊቱን ሳላይ ያልኩትን ፊቱን እያየሁ ነው የምመልሰው አለ።

እማዬ ሁለት ጉንጭህን ትስማለች፤ ሃኒ እግሯን ብርድ እንዳያገኘው ካልሲ ታድርግ ብላለች። ለሶልያና በኪሮሽ የሠራችላትን ቆብ ሀምዲያ ይዛላታለች። የሀምዲያ እናት ፋርሒያም በሶማሊኛ አንዴ፣ በአማርኛ አንዴ ሰላም ብላሃለች፤ የሐልዋ ጣፋጭ ልትልክልህ ፈልጋ ሻንጣው እምቢ አላት። ወርሳሜ እንኳ ሳያውቅህ ወንድምሽን ሰላም በይልኝ ብሏል።

አባዬን ምን ልበልልህ ስለው አንድ ነገር ጠይቂልኝ አለኝ። ሰው በሌለበት ያመለጠ ቃል ንዴት ነው፣ ሕፃን እየሰማች የተነገረ ግን ንዴት አይባልም ይላል። ያን ሰዓት ልጅቷ እቅፉ ውስጥ ነበረች ወይ ብሎሃል። ሌት ተቀን የሚያብሰለስለው ይህን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዶም ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ከደጅ ተሳልሞ ይመለሳል።

ወንድሜ፣ መልሱን እኔ አላውቅም። አልነበረችም ከሆነ ይህን ወረቀት ሳታስቀምጥ ደውልለት። ነበረችም ከሆነ ደውልለት፤ ግን ተኝታ ነበር በለው።

እህትህ ስምረት

ድሬዳዋ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.