በናሆም ትራስ ሥር ያለው ቢላ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

አፉን የፈታ ልጅ ምን ሆኖ ዝም ይላል? የእህቴ ልጅ ናሆም ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከፋሲካ ወዲህ “እማ” እንኳ ብሎ አያውቅም።

ከተመረቅኩ ወዲህ፣ የተማርኩበትን ሥራ እስካገኝ፣ ሚራክል ማይል የሚባል ሰፈር አንዲት አየርላንዳዊት አሮጊት እንከባከባለሁ። ባለፈው ሳምንት ያገራቸውን እምነት አጫወቱኝ። ድሮ አማልክት የነበሩ፣ ተሸንፈው ኮረብታ ሥር የገቡ ፍጡራን አሉ። ጤነኛ ልጅ ሰርቀው የራሳቸውን ይተካሉ፤ ብረት ግን ይፈራሉ።

“እኛም እኮ ካራስ ትራስ ሥር ቢላ እናኖራለን!” ብዬ ደስ አለኝ። እሁድ ፌርፋክስ መንገድ ሐበሻ ምግብ ቤት እራት ስንበላ ለእህቴ ለሂሩት እየሳቅኩ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም።

ዛሬ የናሆምን አንሶላ ስቀይር የሽንኩርት ቢላችንን ትራሱ ሥር አገኘሁት።

“ሂሩቴ፣ ነገ የዶክተር ቀጠሮ አለው እኮ።”

“ካንስል አድርጌዋለሁ።”

“አብደሻል? ተረት ነው የነገርኩሽ!”

“አንቺ ተማርሽ፣ እኔ ወለድኩ። የኔ ናሆም እንዲህ አያይም። የማንን ልጅ ነው ዶክተር ጋ የምወስደው?”

ጠዋት ክሊኒኩ ጋ ደውዬ ቀጠሮውን አስመልሳለሁ። እሺ ይሉኛል፣ ግድ የለም። ግን ፒጃማውን ያለበስኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ልትነካው አልፈለገችም። አሁንም በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

ናሆሜ፣ እናትህ እዚያ ናት። እባክህ፣ አንዴ ብቻ “እማ” በላት።