ያልኖርኳቸው ቀኖች

መቐለ፣ ጥር 23 ቀን 2011 ዓ.ም.

በኮድ ሥዕል መሥራት መማር ከጀመርኩ ሳምንቴ ነው። የዛሬው ልምምድ፣ የተወለድንበትን ቀን አስገብተን ኮምፒውተሩ ለኖርነው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ነጥብ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ነበር። እኔ ሞኝ ኅዳር 12 ቀን 1990ን በእኛ አቆጣጠር እንዳለ 12/3/1990 ብዬ ጻፍኩት። ማሽኑ ማርች 12 ብሎ በፈረንጅ ቆጠረና ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ጨመረብኝ። መምህሩ ሳቀ፤ ቤትሽ ሄደሽ አስተካክዪው አለኝ።

ከእንዳ ኢየሱስ ካምፓስ ወርጄ ቤት እንደገባሁ ሥዕሉን ለእማዬ አሳየኋት። "የመጀመሪያዋ ነጥብ በእኛ መጋቢት 3 ቀን 1982 ላይ ነች። ያኔ የት ነበርኩ?" ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ይህን ቀን ማን ነገረሽ?"

ማንም አልነገረኝም አልኳት።

"ወንድምሽ የተወለደበት ነው። ለክርስትና ሳይደርስ ሞተ።"

ወንድም እንደነበረኝ አላውቅም ነበር። ስሙን ጠየቅኳት። ስም ሳይወጣለት ነው የሄደው አለች።

ቀኑን አስተካከልኩና ትርፎቹ ነጥቦች ጠፉ። አላስቻለኝም፤ መልሼ አመጣኋቸው። ሥዕሉን ላስቀምጠው ስል ኮምፒውተሩ ስም ጠየቀኝ። ባዶውን ቦታ እስካሁን እያየሁት ነው።