የደላላው ለታ ኦርቢታል

አለፍኩ! አስራ ሁለተኛ ክፍልን፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ በግል ተፈትኜ አለፍኩ! ኬሚስትሪ ሰባ አንድ!

ውድ ጀማነሽ፣ ሰላምታዬን አሁን ተቀበይኝ፤ ደስታው ቀድሞኝ ነው። ገላን አዲሱ ቤት ተስማማሽ ወይ? እኛ ቂርቆስ እንዳለን አለን። የድሮ ሰፈርሽን ካዛንቺስን ብታዪው ግን መንገዱ ሰፍቶ ይጠፋሻል።

ዛሬ ካልነገርኩሽ መቼም አልነግርሽም። አስራ አንደኛ ክፍል፣ የማጠቃለያ ፈተና ላይ፣ የኦርቢትና የኦርቢታል ልዩነት ተጠይቀን አንቺ በትክክል ጽፈሽው ነበር። በክርኔ ጎሸም አድርጌ፣ «አንድ ናቸው፤ ታቦት ቤተክርስቲያን እንደሚዞረው ነው» ብዬ ያስጠፋሁሽ እኔ ነኝ። በአንድ ማርክ ወደቅሽ፤ በዚያው ከትምህርት ቤት ቀረሽ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀስሽኝም። እኔም አስራ ሁለት ደርሼ ማትሪክ ጣለኝ፤ ከዚያ ወዲያ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሳይ ፊትሽ ይመጣብኝ ነበር።

ለዚሁ ፈተና ልጄ ሉሊ ስታስጠናኝ እዚያችው ቦታ ላይ ተቸከልኩ። ኤሌክትሮኑ የሚዞርበት መስመር ከሌለው ታዲያ የት ነው ያለው ብዬ አፋጠጥኳት።

«እማዬ፣ ለታ አሁን የት ነው ያለው?» አለችኝ።

ደላላው ለታ! ታውቂው የለ፣ በየት በኩል እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ቤት ፈላጊ ሲመጣ ግን፣ ወይ ጎሚስታው ጋ ወይ ሥጋ ቤቱ ጋ ፈልጉት እንላለን፤ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ነው። መሀል ላይ የቀድሞ አማቱ በር ስላለ እዚያ ፈጽሞ አይገኝም። እንዴት እንደሚሻገር እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። በቃ፣ ገባኝ! ኦርቢት እንደ ታቦቱ ዙረት የታወቀ መስመር ነው። ኦርቢታል ግን መስመር አይደለም፣ ኤሌክትሮኑ ሊገኝ የሚችልበት ስፍራ ነው። እንዲያውም «ፒ» የሚባለው ዓይነት ልክ እንደ ለታ ነው፤ ወዲህና ወዲያ ይገኛል፣ መሀሉ ባዶ።

ፈተናው ቀን ያው ጥያቄ ኮምፒውተሩ ላይ ድቅን አለ። ያኔ ያስጠፋሁብሽን መልስ መረጥኩ።

ስለዚህ ያቺ ማርክ ያንቺ ናት። የማታው ክፍል ምዝገባ አልተዘጋም፤ ደብተሮቼን ጠቅልዬ አስቀምጬልሻለሁ። አስጠናሻለሁ፤ ክርኔንም እሰበስባለሁ።

ለማለፌ ድግስ ልጆችሽን ይዘሽ ነይ፤ አንድም ሰው እንዳይቀር። ለታንም ጠርቼዋለሁ፣ የት እንደምፈልገው አላጣሁም።

ከቅዳሴ መልስ፣ ቂርቆስ፣ እኔ ቤት፤ ጥቅምት ሁለት፣ እሑድ።

ያንቺው ማዕረግ