ሽማግሌ ፊት ያንኮራፋው አባት

ሰኞ፣ ጥር 13

ለማንም እንዳትናገሩብኝ እንጂ፣ ባለቤቴን በልጃችን ሽማግሌዎች ፊት ያስተኛሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ ውሃ አቅርቤ።

ትናንት እሁድ ልጃችንን ማርታን ለጋብቻ ለመጠየቅ አምስት ሽማግሌዎች ከጊምቢቹ ሊመጡ ቀጠሮ ነበረን። ባለቤቴን ጴጥሮስን ግን ከቅዳሜ ጀምሮ ጉንፋን ጥሎታል፣ ወገቡንም ይዞታል። «እያስነጠስኩ ነው ልጄን የምድረው?» ይላል። ሐኪም ቤት ሂድ ስለው፣ «ለጉንፋን?» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔ ደግሞ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለችኝ። ሆሳዕና ከተማ፣ በተለይ እኛ ሰፈር፣ በሽተኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ብርቱካን ብቻ ይዞ አይመጣም። እሱን ያሻለውን፣ የተረፈውን ኪኒን በመሐረብ ቋጥሮ ያመጣል። አልቀበልም ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ይጠራቀማል።

ለጉንፋኑ ከቆርቆሮዋ ቢጫዋን ኪኒን ሰጠሁት። ለወገቡ ደግሞ ጎረቤቴ ዘይነባ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ አምና ያመጣችልኝን ትንሿን ክብ። «ለነርቭ ነው፤ ሕመም የሚባል ነገር ትረሺያለሽ» ብላኝ ነበር። አንዷ ትበቃ ይሆናል፤ ቀኑ ትልቅ ስለሆነ ሁለት አደረግኋት።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ትልቁ፣ አቶ ላምቤቦ፣ ቆመው ማርታን የፈለገውን ልጅ ዘር መቁጠር ጀመሩ። ሥጋ ዘመድ ሆነን እንዳንገኝ አያት፣ ቅድመ አያት ይቆጠራል፤ የልጅቷም አባት እያንዳንዱን ሰምቶ ይመልሳል። ሦስተኛው አያት ላይ ጴጥሮስ «እህ» አለ። አራተኛው ላይ አገጩ ደረቱን ነካ። አምስተኛው ላይ አንኮራፋ።

አቶ ላምቤቦ ቆመው አዩት። «የአባቶቻችን ስም እንቅልፍ ካመጣባችሁ፣ አልጋ እኛም ቤት አለ» ብለው ከዘራቸውን አነሱ። በቅቤ ያራስኩት አተካና፣ የቡላ ምግባችን፣ ሳይነካ ቀረ።

ወደ ማታ ጴጥሮስ ዓይኑን ገልጦ፣ «ሽማግሌዎቹ አረፈዱ እንዴ?» አለ። ማርታ ይህን ሰምታ ተነስታ ወጣች። እስካሁን አላናገረችንም።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ጴጥሮስ አልነቃም፤ ማለቴ ይሄዳል ግን የለም። በሩን ትቶ ግድግዳውን ሊያልፍ ሞከረ። አፉ ደርቋል። ሽንትም እምቢ አለው። ይሄኔ ደነገጥኩ። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ ቆርቆሮዋን በነጠላዬ ሸፍኜ።

ነርሷ ጠረጴዛ ላይ ገለበጠቻት። የተገኘው፦ ስማቸው የተቀደደ ኪኒኖች፣ ግማሹ የቀረ የታይፎይድ መድኃኒት፣ ሁለት ያረጁ የዓይን ጠብታዎች፣ አንድ የከብት ኮሶ ማስወጫ።

«ይሄኛው ለማን ነበር?» አለችኝ።

«ለበሬው» አልኳት። ጴጥሮስ በደመነፍሱ እንኳ ቀና ብሎ አየኝ።

ነርሷ ሳቀች፤ ከዚያ ግን መሳቅ አቆመች። «እትዬ፣ ቢጫዋም ታስተኛለች፣ ክቧም ታስተኛለች። ሲደራረቡ ትንፋሽም ይይዛሉ። ሽንቱንም የያዙት እነሱ ናቸው። አንድ ቢራ ቢጨምርበት ኖሮ፣ እርስዎ ለቀስተኛ ነበር የሚያስተናግዱት።»

ሽንቱ እስኪወጣለት እዚያው አቆዩት። ሲወጣለት እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ገበያው ሁሉ ሰምቷል። አንዱ ሰክሮ ነበር ይላል፤ ሌላው የልጁን ዘር ንቆ ነው ይላል። የማርታ ዓይን አብጧል።

ዘይነባ ልትጠይቀን መጣች። መሐረቧን ፈታች። «ይሄ ደግሞ የሚያነቃ ነው...»

«ዘይነባ!» ብዬ ጮህኩ። የነርሷን ቃል ስነግራት ቁጭ አለች። «ያችን ክብ እኮ ለአራት ሰው ሰጥቻለሁ!»

«አንቺስ ጨርሰሻት ነበር?»

«ሲሻለኝ ተውኳት። ሰው እያመመው እኔ ጋ ምን ትሠራለች?»

ጫማዋን እንኳ በደንብ ሳታደርግ ልትሰበስብ ሮጠች። ማታ ሦስቱን አገኘሁ ብላ መጣች። አራተኛዋ ሴትዮ ለእህቷ ሰጥታለች፤ ነገ እዚያ ትሄዳለች።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ጴጥሮስ «ሽማግሌዎቹን ወባ ነበር በያቸው» ብሎ መከረኝ። ማርታ ከአራት ቀን በኋላ አፏን ከፈተች፦ «እማዬ፣ እውነቱን ካልነገርሻቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

በሚኒባስ ጊምቢቹ ወረድኩ። አቶ ላምቤቦ ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ቢጫዋን፣ ክቧን፣ ሁለት ማድረጌንም። ሽማግሌው ከዘራቸውን ያዙ። አለቀልን ስል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ክቧ... ምን ታክል ነበረች?»

ከኮታቸው ኪስ አንድ ላስቲክ አወጡ። ነጭ፣ ሮዝ፣ ቢጫ ኪኒን፣ ሁሉም ተደባልቆ። ለጉልበት፣ ለደም ግፊት፣ አንዱ ደግሞ ከአማቻቸው። ሚስታቸው ከጓዳ፣ «እጁ የገባውን ነው የሚውጠው! እኔ ስናገር ሴት አታውቅም ይለኛል!» አሉ።

ከኔ ጋር ተሳፍረው ጤና ጣቢያ መጡ። ነርሷ ግፊታቸውን ለካች፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ የሚውጡትን ለይታ በወረቀት ጻፈችላቸው፣ የቀረውን ወሰደችባቸው።

ዓርብ፣ ጥር 17

አቶ ላምቤቦ ልከዋል፦ እሁድ ከአራቱም ሽማግሌዎች ጋር ይመጣሉ። ይቅር ያሉን ግን እሳቸው ብቻ ናቸው፤ አራቱ ገና እንደተቀየሙ ናቸው። ማርታ መጋረጃ እያጠበች ነው፤ አንዴ ታንጎራጉራለች፣ አንዴ ታለቅሳለች። ጴጥሮስ ዝንጅብል በማር ብቻ ይጠጣል፤ ጎረቤት ሲገባ ኩባያውን በእጁ ይከድናል።

እሺ ይበሉ እምቢ ይበሉ፣ እሁድ ሳህን ከማጠቤ በፊት እዚህ እጽፈዋለሁ።