ከበሩ ቆርቆሮ ስር

ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን

ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ይከፋሃል ብዬ ፈርቼ ነው። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ያ የጎንህ ውጋት ተሻለህ? ብርዱንስ ለመድከው? እኛ አባባ ከሞተ ወዲህ እንዳለን አለን። ቤቱ ጭር አለ እንጂ ሁላችንም ደኅና ነን።

የአባባን የጭነት መኪና ቀለሙን ልንቀይረው ነው። አሁን የሚነዳው አጎታችን ነው። እማማ ግን ሰማያዊው መኪና ከመታጠፊያው ብቅ ባለ ቁጥር አባባ የመጣ እየመሰላት ምሳ ልታቀርብ ብድግ ትላለች፤ ከዚያ ተመልሳ ትቀመጣለች። "ሰማያዊ አይሁን እንጂ የፈለጋችሁትን ቀቡት" አለች። አጎታችን ቀይ ይሁን ሲል "ሙሽራ ልትጭንበት ነው?" አለችው። ከቀብሩ ወዲህ ስትቀልድ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። በመጨረሻ ላዩ አመድማ፣ ታቹ ነጭ እንዲሆን ተስማሙ። ቀለም ቀቢው ነጭ ቀለም ጭቃ ይጠራል ቢልም የሰማው የለም።

አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት የምፍቀው እኔ ነኝ። ቀለም ቀቢው "አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ቤት ቆልፈሽበት ነው የምትመጪው?" እያለ ይስቅብኛል። ዛሬ በሾፌሩ በር ላይ ያለችውን፣ የጭነቱ ልክ የተጻፈባትን ቆርቆሮ ፈታት። ከስሯ በልጅነትህ በሚስማር የጫርካት መኪና አለች! አባባ በቀበቶ የገረፈህ በእሷ ምክንያት ነው። በሩን ሰማያዊ ሲቀባው "ሥዕሌን አጠፋት፤ ከእኔ ይልቅ ብረቱን ይወዳል" አልክ። ከቤት ስትወጣም ደገምከው።

አላጠፋትም ወንድሜ። ከሰማያዊው በፊት የነበረው አረንጓዴ ቀለም በዙሪያዋ እንዳለ ነው፤ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ አልነካትም። ዝገት እንዳይበላት ግሪስ ቀብቷታል። ግሪሱ ገና አልደረቀም፤ ቆርቆሮዋን እየፈታ ያድሰው ነበር ማለት ነው። ጋቢናው ውስጥ የሳልካቸው ሁለት ራሶች፣ ትልቁና ትንሹ፣ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ለምን እንዳልነገረህ አላውቅም። እሱም እንደ እኔ አፉ እሺ አይለውም ነበር መሰለኝ።

ቀለም ቀቢው "እሷንም ፋቂያት" ሲለኝ ግን "አይሆንም" ማለት አቃተኝ። እጄን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። በሩ የሚቀባው ነገ ጠዋት ነው።

እማማ ዓይንህን ትስማለች፤ ስለ ሥዕሏ ገና አልነገርኳትም። አጎታችን በርታ ብሎሃል። ትንሿ እህታችን የፊት ጥርሷ ወልቆ ስምህን መጥራት አቅቷታል፣ ሰላም በሉልኝ ትላለች።

ነገ ቀለም ቀቢው ሳይመጣ ቀድሜ በሩ ጋ እቆማለሁ። ሲመጣ "ይቺን አትንካት፣ የወንድሜ ናት" እለዋለሁ። ድምፄ ቢንቀጠቀጥም እለዋለሁ።

ታናሽ እህትህ