እማማ ታደለች ያስፈጩት ገብስ

ይድረስ ለእህቴ ለሀዊ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? የአሶሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ የማነስ ደህና ነው? ትንሿ ኪያ የፊት ጥርሷ በቀለላት ወይስ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ከስንት ወር ወዲህ "ደህና ነን" የሚለውን አፌን ሞልቼ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ሁልጊዜ አጠገብሽ ሰው ስለማይጠፋና ገና ድምፄን ስትሰሚ ማልቀስ ስለምትጀምሪ ነው። አሁን ግን ጎረቤታችን ጅሬኛ ወደ እናንተ ሊመጣ ስለሆነ ሁሉንም ጽፌ በእጁ ልኬልሻለሁ።

ከፋሲካ ወዲህ ሆዴ መነፋት ጀመረ። የወር አበባዬም ከመጣ አልቆም ይለኝ ነበር። ከየካ አባዶ መገናኛ ድረስ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ወንበሩን አበላሸሁት ይሆን እያልኩ እሳቀቅ ነበር፤ ስወርድም ጥቁር ሻርፔን ወገቤ ላይ አስሬ ነው። ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ይጨልም ነበር።

የሚገርምሽ ግን ሰው ሁሉ በድንገት ደግ ሆነብኝ። ረዳቱ የፊቱን ወንበር ያስለቅቅልኛል። ጎረቤቴ አስረሳሽ የውሃ ጀሪካኔን አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክማ ታደርስልኛለች። አማቴ እማማ ታደለች ደግሞ ከእንጦጦ ጸበል እያመጡ ያጠጡኛል። ድካሜን አይተው ያዘኑልኝ መስሎኝ ሁሉንም ስመርቅ ከረምኩ። መቼም በእኛ ዘንድ ሆዷ የገፋ ሴት "አረገዝሽ ወይ?" ተብላ አትጠየቅም፤ ዓይን ያርፍባታል ይባላል። እነሱ አልጠየቁኝም፣ እኔም የሴት ነገር ነውና አላወራሁም።

አንድ ቀን እማማ ቤት ስሄድ የተፈጨ ገብስ በማዳበሪያ፣ የተነጠረ ቅቤ በትልቅ ጣሳ ተቀምጦ አየሁ። ምን ድግስ አለ ብላቸው ፈገግ ብለው "ያንቺው ገንፎ ነዋ" አሉኝ። ስድስት ዓመት የጠበቁት የልጅ ልጅ የመጣ መስሏቸዋል፣ ሀዊዬ። እዚያው ዱቄቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩና እርግዝና ሳይሆን ደም እየፈሰሰኝ መሆኑን ነገርኳቸው። ይቀየሙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ብድግ አድርገው "ተነሽ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ" አሉኝ።

በአልትራሳውንድ ሲታይ ማህፀኔ ውስጥ ዕጢዎች በቅለዋል። ማዮማ ይሉታል። መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ማህፀንሽ መውጣት አለበት አለኝ። በሠላሳ አራት ዓመቴ! ባለቤቴ ጉደታ "ዋናው ያንቺ መትረፍ ነው" ይለኛል፤ እኔ ግን ያ ዱቄት ዓይኔ ላይ ይመጣል። ሌላ ሐኪም እንይ ብለን ዶክተር ሰላሙ ጋ ሄድን። ይህ ዕጢ ብዙውን ጊዜ ካንሰር እንዳልሆነ፣ እርግማንም እንዳልሆነ፣ በጥቁር ሴቶች ላይ ቶሎ እንደሚጀምርና እንደሚበዛ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ዕጢዎቹን ብቻ ለማውጣት እንደሚሞክር፣ ደሙ አልቆም ካለ ግን ሕይወቴን እንደሚያስቀድም ነገረኝ። ፈረምኩ።

የቀዶ ጥገናው ዕለት እማማ ጸበላቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ነርሷ ምንም ነገር በአፏ አይገባም ብትላቸው ሳይከራከሩ ግንባሬን ብቻ አርሰው በሩ ላይ ተቀመጡ። ስነቃ ጉደታን በዓይኔ ጠየቅኩት። "አለ፣ አልተነካም" አለኝ። ደስታዬን በምን ልንገርሽ? ከዕጢዎቹ ተወስዶ የተመረመረው የናሙና ውጤትም ደህና ሆኖ መጣ። ቁስሉ በደንብ እስኪጠግ ከታገስን በኋላ መውለድ እንደምችል፣ ያኔም በቀዶ ጥገና ሊሆን እንደሚችል ዶክተሩ ነግሮናል።

ቤት ስገባ እማማ ያንን ገንፎ ሠርተው፣ መሀሉን በቅቤና በበርበሬ ሞልተው ጠበቁኝ። የብሎካችን ሴቶች ተሰብስበው ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ እልል ይበሉ ወይስ እግዜር ይማርሽ ይበሉ ግራ ገባቸው። እኔም አፍሬ "እማማ፣ ልጅ ሳይኖር ገንፎ?" አልኳቸው። "ጨቅላ መች ገንፎ ይበላል?" አሉኝ። "ገንፎ ድሮም ለእናቲቱ ነው፤ ደሟ ለፈሰሰ፣ ወገቧ ለዛለ። ብዪ።" አስረሳሽ ይሄኔ እልልታውን አቀለጠችው። እያለቀስኩ በላሁ።

አሁን ያንቺን ነገር እናንሳ። ክፍል ውስጥ ቆመሽ ስታስተምሪ ልብስሽ እንዳይበላሽ እንደምትሳቀቂ አምና ነግረሽኝ ነበር። እማዬም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሲግናል ሰፈር ሳለን ፊቷ ነጥቶ፣ ግድግዳ ይዛ ስትሄድ "የሴት ነገር ነው" ትለን ነበር፤ እኛም አመንናት። በዘር ሊመጣ እንደሚችል ዶክተሩ ነግሮኛል። እባክሽ እዚህ መጥተሽ ታይ። ለኪያም ስትይ ታይ።

ጉደታ ሰላም ብሎሻል። አስረሳሽ ሳታውቅሽም ትናፍቅሻለች። የማነን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ፣ ኪያን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ የየማነን እናት ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እማማ ታደለች ደግሞ የተረፈውን ዱቄት አስረው አስቀምጠዋል። ለማን ነው ብላቸው፣ "ለቀደመችው ነው፤ ወይ አንቺ ስትወልጂ፣ ወይ እህትሽ ልትታከም ስትመጣ" ብለውኛል።

እህትሽ ጂቱ

የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.